ውሃው እንዴት ነው?

ይህን ታሪክ የማወራው ባለቤቶቹ «አውሪው» ስላሉኝ ነው። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል።

እትዬ ማበጠሪያ ፀጉር ሠሪ ናት። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ማበጠሪያዋን ከጆሮዋ በላይ እንደሰካች ገበያ የምትወጣ፣ እንደሰካች ቤተ ክርስቲያን የምትገባ ሴት ሌላ ምን ትባል? ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅ የላትም። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ከጀርባ ደግሞ አንገት የሚያስደግፍ የፀጉር መታጠቢያ ገንዳ። ውሃ ሲመጣ «ተመስገን!» ትላለች። ውሃ ሲሄድም «ተመስገን፣ ባልዲው ሙሉ ነው!» ትላለች። አንዳንዴማ ታናድዳለች እኮ! ጥርሱን ላመመው ሰው «ተመስገን በል፣ ሌሎቹ ደህና ናቸው» የምትል ሴት ናት።

የዚያች ሱቅ ነገር ሁሉ ያለው ገንዳው ላይ ነው። ሴት ልጅ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ፣ ሞቅ ያለ ውሃ በአናቷ ሲወርድ የማትናገረው የለም። ማበጠሪያ የምትጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ውሃው እንዴት ነው?» ከዚያ ዝም ትላለች። ሴትዮዋ ትጀምራለች። የባል ነገር፣ የአማት ነገር፣ ያልታሰበ እርግዝና፣ አልመጣ ያለ እርግዝና። ዓይን ለዓይን ስለማይተያዩ አያፍሩም። ማበጠሪያም የሰማችውን ከአረፋው ጋር ታፈሰዋለች። በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት ቃል አምልጧት አታውቅም።

እንዲህ ያለችውን ሴት ነው የቤተ ክርስቲያናችን የእህቶች ኅብረት መሪ ያደረግናት። ከእሷ በፊት ኅብረቱን የመሩት እማማ ነበሩ። ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣም ሲላቸው የአዳራሹን ቁልፍ መዳፏ ላይ አኑረው «በይ እንግዲህ፣ ልጄ» አሏት። እሷም እንደ ልማዷ ተመስገን ብላ ተቀበለች።

መሪነት እንዴት እንደሆነ ያስተማራት ሰው የለም። ስትመራ ያየችው መጋቢውን ነው። መጋቢያችን ደግሞ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ማይክ ከያዙ ምሳ ካላለፈ አይለቁም። ስለዚህ ወንበሩን በረድፍ ደረደረች፣ አትሮኖስ አቆመች፣ ከመዘምራን ማይክ ተዋሰች። በጣት ለምንቆጠር ሴቶች ማይክ!

በመጀመሪያው ቅዳሜ «የጸሎት ርዕስ ያላት?» ብላ ጠየቀች። ዝም አልን። በሰው ሁሉ ፊት ቆማ ቁስሏን የምትገልጥ ማን ናት? ዝምታው ሲረዝምባት ጨነቃት። ያን ሁሉ ዘመን የታመነው አፏ ያኔ ከዳት።

«እህቶቼ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ እህታችን በቅርቡ ፅንስ ወርዶባታል። ነይ የኔ እህት፣ ወደ ፊት ውጪ፣ እንጸልይልሽ!»

ዳቦ ጋጋሪዋ የኋላ ረድፍ ላይ ነበረች። ነገሩን ከባሏና ከማበጠሪያ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ለማበጠሪያም የነገረቻት እዚያው ገንዳ ላይ ነው። ሁላችንም ዞረን አየናት። ልጅቷ ቦርሳዋን አነሳች፣ ወንበሩ እንዳይንኳኳ ቀስ አድርጋ ገፋችው፣ ወጣች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ማይክ ሲጨመርበትማ አስቡት።

ከዚያ ወዲያ አልመጣችም፣ ለቅዳሜውም ለእሁዱም። ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ የማበጠሪያ ሱቅ ጋ ስትደርስ መንገድ ትሻገራለች። ማበጠሪያ ቤቷ ድረስ ሄደች። ባሏ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ «ተኝታለች፣ እትዬ» አላት። ውሸት መሆኑን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

ማበጠሪያ ያኔ «ተመስገን» ማለት ተወች። ስንት ጊዜ ያናደደችን ቃል ስትጠፋ ሆዳችን ባባ። እሷም ልጅቷን ካልመለስኩ ምኑን መሪ ሆንኩት ብላ ቁልፉን ይዛ እማማ ዘንድ ሄደች።

«እንኩ፣ እማማ። እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም።»

እማማ ጉልበታቸውን እያሹ «ራስ ሳይጠና ጉተና አሉ» አሏት። «ማን ነው ማይክ ያዢ ያለሽ?»

«እንጃ። መሪ እንደዚያ የሚሆን መስሎኝ።»

«አሁን ቁልፉን ብትመልሺልኝ ልጅቷ ትመለሳለች?»

ማበጠሪያ ቁልፉን መልሳ ጨበጠችው።

«ለመሆኑ ምን ትችያለሽ?»

«ፀጉር ማጠብ።»

«እኮ! እግዚአብሔር ሲጠራሽ እጅሽን ቤትሽ ትተሽ ነይ አለሽ? ሂጂ። መጀመሪያ በድዬሻለሁ በያት። ከዚያ በኋላ አፍሽን ዝጊ።»

ከሰዓት በኋላ፣ ምድጃው ሲበርድና ሠራተኞቹ ሲወጡ፣ ማበጠሪያ ፎጣ፣ ሻምፖና ጣሳ ይዛ በዳቦ ቤቱ የኋላ በር ቆመች።

«በድዬሻለሁ» አለች። «የነገርሽኝ ያንቺ ነበር፤ ሳልጠይቅሽ አደባባይ አወጣሁት። ጸሎት ብዬ ብጠራውም ሐሜት መሆኑ አይቀርም።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ከጣውላው ላይ ሊጥ እየፋቀች ነበር። ቀናም አላለች። «ልትጸልዪልኝ ከሆነ ይቅርብኝ፣ እትዬ።»

«አልጸልይልሽም። ፀጉርሽን ነው የማጥብሽ፣ ከፈቀድሽ።»

«አልፈቅድም።»

«ደህና» አለችና እንደ መጣች ተመለሰች። በሳምንቱ ያንኑ ፎጣ ይዛ መጣች። እምቢ ተባለች፤ ሄደች። እንዲሁ ስትመላለስ ሰነበተች። ምን ዓይነት ድርቅና ነው ትሉ ይሆናል። ድርቅናስ ድርቅና ነው፤ ግን አትለምንም፣ አትመክርም፣ ጠይቃ ብቻ ትሄዳለች።

አንድ ቀን ዳቦ ጋጋሪዋ ምንም ሳትናገር ሻሿን ፈታች። ከማይኩ ቅዳሜ ወዲህ በወጉ ያልታጠበ፣ ዱቄት የጠጣ ፀጉር ነበር። ማበጠሪያ ምድጃው ላይ ውሃ አሞቀች፣ የልጅቷን አንገት በፎጣ አስደገፈች፣ ውሃውን ቀስ አድርጋ ለቀቀችው።

«ውሃው እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ዱቄቱ በማበጠሪያ ጣቶች ሲላቆጥ ተሰማትና፣ «እትዬ፣ እያቦካሽኝ ነው እንዴ?» አለች።

ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። ሳቁ ሳያልቅ ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች፤ እስከዚያ ቀን አንድ እንባ አልወጣትም ነበር አሉ። «ስም አውጥቼለት ነበር» አለች። ስሙንም ነገረቻት። ያ ስም እስከ ዛሬ ከማበጠሪያ አፍ አልወጣም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ማበጠሪያ ማይኩን ለመዘምራን መለሰች። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ከበቡ፤ የምትሰፋው ትሰፋለች፣ የምታጣጥፈው ታጣጥፋለች፣ እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። አዳራሹ ጓዳ ውስጥ አሮጌ የፀጉር መታጠቢያ ተተከለ፤ ሐዘን የደረሰባት፣ አራስ የሆነች፣ ወይም እንዲያው የደከማት ትታጠባለች። አንዷ የሌላዋን ነገር ለጸሎት ስታነሳ ማበጠሪያ «ፈቅዳልሻለች?» ትላታለች። ካልፈቀደች «እንግዲያው እግዚአብሔር ያውቃታል፣ ስሟን ተዪው» ብላ ታስጸልያለች። ቃሉም ይነበባል፤ ደግነቱ አጭር ነው። መጋቢው አንድ ቀን ሊጎበኙን መጥተው፣ ጥቂት ቆመው ሲያዩ ቆዩና «ትምህርቱ መቼ ይጀመራል?» አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግፈን ደረጃውን የምናወጣቸው እማማ ወደ ጓዳው እየጠቆሙ «እየታጠበ ነው» አሏቸው። መጋቢው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ ዳቦ ጋጋሪዋ አዳራሹን አልረገጠችም። ማበጠሪያ በየሳምንቱ ዳቦ ቤት እየሄደች ታጥባታለች፤ ነይ ግን አትላትም። ያች ቃሏም ተመልሳ «ባትመጣም ተመስገን፤ ይቅር ብላኛለች» ትለናለች። አፏ እንዲያ ይበል እንጂ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓይኗ ከበሩ አይነቀልም።

አንድ ቅዳሜ በሩ ተከፈተ። ዳቦ ጋጋሪዋ ናት፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ታቅፋለች። ዞሮ ያያት ሰው የለም፤ ተምረናል እኮ! ዓይናችንን መርፌያችን ላይ ከመትከላችን የተነሳ አንዷ ጣቷን ወጋች። ልጅቷ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ማበጠሪያ ፊት ቆመች።

«እትዬ፣ ያንቺን ፀጉር ማን ነው የሚያጥበው?»

«እኔው ነኛ። ማን አለኝ?»

«በይ ነይ ተቀመጪ።»

«ኧረ ተይኝ! የኔ ደግሞ ምን...»

«አይዞሽ፣ አልጸልይልሽም» አለች ልጅቷ ፈገግ ብላ። «ፀጉርሽን ነው የማጥብሽ፣ ከፈቀድሽ።»

ማበጠሪያ ያችን ማበጠሪያዋን ከፀጉሯ ነቅላ ለእማማ አስያዘቻቸውና በሩ ክፍት በነበረው ጓዳ፣ ገንዳው ዘንድ ተቀመጠች። የስንቱን አንገት ያስደገፈች ሴት የራሷን የት እንደምታኖረው ጠፋት። ዳቦ ጋጋሪዋ ሊጥ በለመደ ጠንካራ እጇ አናቷን ደገፈችላት። ማበጠሪያ ጣሪያውን አየች። ስንት ሴት ወደዚያ ስታይ አይታለች፤ እሷ ግን አይታ አታውቅም ነበር።

«ውሃው እንዴት ነው?»

ማበጠሪያ ዓይኗን ጨፈነች።

«እኔም ስም አውጥቼለት ነበር» አለች ማበጠሪያ። «ድሮ ነው፣ በልጅነቴ። ለባሌ እንኳ ስሙን አልነገርኩትም። አይዞሽ ያለኝ፣ የጸለየልኝ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ላንቺ የቸኮልኩት ለዚያ ነው።»

የዳቦ ጋጋሪዋ እጅ ቆመ፤ ከዚያ ደግሞ በቀስታ ማሸቱን ቀጠለ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠቻት። ማበጠሪያም ስሙን ነገረቻት። እኛ ስፌታችንን ሰፋን።

ፀጉሯ በፎጣ ተጠቅልሎ ብድግ ስትል ዓይኗ ቀልቷል። «ተመስገን» አለች። ያን ቀን ማናችንንም አላናደደችንም፤ ሁላችንም ተቀብለን ተመስገን አልን። ከዚያ ዳቦው ተቆረሰ፣ ገና ትኩስ ነበር።