«ይሰማል» ላልቶ ሲነገር

ዘፈኑ በወጣበት ዓመት ከጂንካ ወደ ገዘር በሚወጣ ሚኒባስ ተሳፍሮ የእኔን ድምፅ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ዘፈኑ የጭፈራ ነው፣ ግጥሙ ስለ ወገብ ነው፣ ዘፋኙም ዛሬ የት እንደገባ አላውቅም። ሰው የወደደው ግን ዘፋኙን አልነበረም። በየስንኙ መሀል እንደ ሕፃን ቀጥና «ሰማል፣ ሰማል፣ ይሰማል» እያለች የምትንጫጫውን ድምፅ ነበር። እሷ እኔ ነኝ። ያቺን ድምፅ በገዛ እጄ ነው የሠራኋት፤ ስሠራት ግን የማን እንደሆነች አላወቅኩም።

ከኮሌጅ በኤሌክትሪክ ተመርቄ ቤት ተቀምጬ ነበር። የምፈልገው ድምፅ መሥራት ነው። በዚያን ጊዜ የሙዚቃ ሶፍትዌር የተጫነበት ደህና ኮምፒውተር የማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከድሮው የአውሮፕላን ሜዳ ፊት ለፊት፣ ከአንድ የሞባይል መለዋወጫ ሱቅ ጀርባ ያለች ክፍል። ግድግዳዋ በስፖንጅ ፍራሽና በእንቁላል ካርቶን ተለብጧል። ባለቤቱ አያቶቹ ከሰሜን የመጡ፣ ራሱ ግን ጂንካ ተወልዶ ጂንካ ያደገ ሰው ነው። አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ከተመለሰ ወዲህ ግን ሲናገር መንገድ ስቶ እዚህ የደረሰ እንግዳ ይመስላል። ጋሼ እያልኩ ነበር የምጠራው። እያጸዳሁ፣ ገመድ እየጠቀለልኩ፣ ማይክ እየሞከርኩ እንድማር ፈቀደልኝ። እኔ ደግሞ ዓይኔን የጣልኩት ወንበሩ ላይ ነበር፤ ስክሪኑ ፊት ባለችው፣ ቆዳዋ በተላጠ ወንበር ላይ ተቀምጬ መሥራት ነበር የምመኘው።

ሲያስተምር ስክሪኑን በትከሻው ይከልለዋል። «በጆሮሽ ተማሪ» ይለኛል። ጥበብ አልነበረም፤ ንፉግነት ነው። ከጀርባው ቆሜ የማውሱን ጠቅታ እያዳመጥኩ፣ አሁን ምን ነካ፣ ድምፁ ለምን ወፈረ፣ ለምን ራቀ እያልኩ ስገምት እውላለሁ። ሪቨርብ ምን እንደሆነ የጠየቅኩት ቀን ግቢው ውስጥ ወዳለ ባዶ የውሃ ሮቶ ወሰደኝና ጭንቅላቴን አስገብቼ እንድጮህ አዘዘኝ። ጮህኩ። ድምፄ ሰፍቶ ተመልሶ መጣ፤ እውነትም ገባኝ። ጭንቅላቴን ሳላወጣ ሮቶውን ከውጭ በፌሮ መታው። ሁለት ቀን ጆሮዬ ሲጮህ ሰነበተ። ይሄ ደግሞ ዲስቶርሽን፣ ማለትም የተበላሸ ድምፅ፣ ይባላል አለኝ፤ ሱቅ ውስጥ ለተቀመጡት ጓደኞቹም ሄዶ ተረከላቸው።

ከሁሉ የባሰው ግን ማይክ መሞከሩ ነበር። ዘፋኝ ከመግባቱ በፊት ቀረጻ ክፍሏ ውስጥ ገብቼ ማይኩ ላይ «ይሰማል?» ማለት አለብኝ። ይህ ቃል ሲጻፍ አንድ ነው፤ ሲነገር ሁለት ነው። ጠብቆ ሲነገር ድምፁ ይደርሳል ወይ ማለት ነው። ላልቶ ሲነገር አንድ ሰውዬ ጆሮው ደህና ነው፣ ያዳምጣል ማለት ነው። እኔ ሁልጊዜ አላላው ነበር። የአሪ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን የሚወራው አሪኛ ነው። አማርኛውን እናቴ ገዘር ገበያ ላይ ጎመን እየሸጠች ከደንበኞቿ ለቃቅማ ነው ያመጣችው። ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ልጆች እንዳይስቁብኝ ብላ፣ ማታ ማታ ያላትን ቃል ሁሉ አስጠናችኝ። የእሷ አማርኛ በሙሉ ላልቶ ነው።

«ማነው የሚሰማው?» ይለኛል በሄድፎኑ። «ስሙን ንገሪን እንጂ።»

ዘፋኞቹ ይስቃሉ። ድገሚው ይላል፣ እደግመዋለሁ። ላጠብቀው ስሞክር ደግሞ ሁሉንም ፊደል አጠብቅና እንደሚተነፍስ ጎማ ሆኜ አርፈዋለሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ማይኩ ተሞክሮ ካለቀ በኋላ እንኳ፣ ግቢና ሞክሪው ይለኝ ጀመር። መንገድ ላይ ለብቻዬ እያልኩት እሄዳለሁ። አንዳንዴ ይስተካከላል፤ እሱ ፊት ስቆም ግን ምላሴ ወደ እናቴ ትመለሳለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። ጣሪያ ሲጮህ ቀረጻ የለም። ጋሼ ከወንበሩ ተነሳና ተቀመጪ አለኝ። የደስታዬን ነገር እንዴት ልበል? ስክሪኑን ሙሉውን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። አንዲት አጭር፣ ቃሏ እስከማይለይ የተቆራረጠች፣ እንደ ጫጩት የቀጠነች ድምፅ ከፈተልኝ። ከኢንተርኔት ያወረድኳት የሕፃን ድምፅ ናት፣ ሰው የሚያስጨፍር ነገር አድርጊልኝ አለና ለወሬ ወደ ሱቁ ወጣ።

እስኪመሽ አልተነሳሁም። ድምፅዋን ቆረጥኳት፣ ደራረብኳት፣ ግማሿን ወደ ግራ ግማሿን ወደ ቀኝ ወረወርኳት። ድምፁን እየደጋገመ የሚመልሰውን ዲሌይ ከከበሮው ጋር እንዲራመድ አደረግኩት። ከሁሉ በላይ የደከምኩት «ሰ» ላይ ነው። «ሰ» ቀጭን ናት፤ ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ በሚለየው ኢኳላይዘር ላይ የምትኖረው ከላይ፣ ቀኝ ጥጉ ላይ ነው። እሷን ከፍ አድርጌ እንደ ጸናጽል እንድትንሿሿ አደረግኳት። ጋሼ ተመልሶ አዳመጣት። ከዚያ «ጎበዝ» አለኝ። በደስታ ባጃጅ መያዝ ረስቼ በዚያ ዝናብ በእግሬ ወደ ተከራየኋት ቤቴ ገባሁ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ጋሼ ሰው ጠራ። ዘፋኙ፣ ጓደኞቹ፣ ዘፈኑን የሚያጫውቱለት ባለ ጭፈራ ቤቶች፣ ሹፌሮች። ክፍሏ ጢም አለች። ዘፈኑ ተጫወተ፤ ያቺ ድምፅ ስትመጣ ሁሉም ትከሻውን ነቀነቀ። ጋሼ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ይህቺን የሠራችው እሷ ናት አላቸው። አጨበጨቡልኝ። ቀጥሎ፣ እንዴት እንደተሠራች ደግሞ ላሳያችሁ አለና ያን ለእኔ ሲከልለው የኖረውን ስክሪን ወደ ሰዉ አዞረው።

እያንዳንዱን ኢፌክት እየጠራ አጠፋው። ሪቨርቡን አጠፋ፤ ድምፅዋ ደረቀች። ዲሌዩን አጠፋ፤ ብቻዋን ቀረች። ግራና ቀኙን ሰበሰበው። ሁሉም እኔ ያለበስኳት ልብስ ስለሆነ ምን እንደሚወልቅ ቀድሜ አውቃለሁ፤ ከሥር ያለውን ግን አላውቅም ነበር። በመጨረሻ፣ እሱ ራሱ አስቀድሞ ድምፁን ያቀጠነበትን ፒች ወደ ቦታው መለሰው። ቀረጻ ክፍሏ ውስጥ ቆሜ፣ ፈርቼ፣ አላልቼ፣ «ይሰማል?» ስል ተሰማ። ከቃሉ በኋላ የምተነፍሰው ትንፋሽ እንኳ ሳይቀር አለ።

«በሉ እንግዲህ» አለ ጋሼ፣ «የሚሰማው ሰውዬ ማን እንደሆነ ዛሬ ታወቀ። አገሩ በሙሉ ይሰማል።»

እሱም አላልቶ ነው ያለው፤ የእኔን አፍ አስመስሎ። ሳቁ የሮቶውን ያህል ጆሮዬ ውስጥ ቆየ። ሹፌሮቹ ዘፈኑን በየስልካቸው ይዘው ሄዱ። ከዚያ በኋላ መናኸሪያ ሳልፍ ረዳቶቹ «ይሰማል?» ይሉኛል፤ ዲመካ ለቀረጻ የሄድን ጊዜ የገበያ ልጆች ሳይቀሩ አወቁኝ። ለምን አልሄድሽም የሚለኝ አለ። የት ልሂድ? ሌላ ወንበር አልነበረማ። ጥርሴን ነክሼ ገመድ መጠቅለሌን ቀጠልኩ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ስክሪኑን ቢከልለውም ባይከልለውም የሚሠራውን ሁሉ በጆሮዬ እሰርቀው ነበር።

እስከዚያ ድረስ ተናድጄበት ነበር እንጂ አልጠላሁትም። የጠላሁት እናቴ የመጣች ቀን ነው። ከገዘር ሚኒባስ ስትወርድ ልቀበላት ቆሜ ነበር። ፊቷ በርቷል። መኪናው ውስጥ ነበርሽ አለችኝ በአሪኛ። ዘፈኑን ሲከፍቱት ወዲያው አውቃኛለች። በዚያ ሁሉ ኢፌክት ውስጥ እኔ ራሴ ያልለየሁትን ድምፅ እንዴት እንደለየችው ጠየቅኳት።

«እኔ ያስተማርኩሽ ቃል አይደል?» አለችኝ።

ለተሳፋሪው ሁሉ ልጄ ናት ብላ ተናግራለች። ምንድን ነው የምትለው ሲሏት ደግሞ በአማርኛ ነግራቸዋለች፤ ላልቶ። እንድትደግመው ለመኗት። ገዘርን ከለቀቁ ጀምሮ ጂንካ እስኪገቡ ስታስቃቸው መጥታለች። «በጣም ደስ አላቸው» አለችኝ፤ ሹፌሩማ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጧት ነው የመጣው። ስህተቱን ልነግራት አስቤ ተውኩት። ለእሷ ስህተት የለውም፤ ቃሉ ከእሷ ቤት ሲወጣ እንዲያ ነበር። ጎመኗን ተሸክሜላት ገበያ ገባን፤ እዚያም አጠገቧ ለተቀመጡት ሻጮች ነገረቻቸው።

የምማረው ሲያልቅ ወጣሁ። ከመናኸሪያው ጀርባ የራሴን ክፍል ከፈትኩ፤ ወንበርም ገዛሁ። ጋሼ ደግሞ ድምፅ ካልጮኸ ሙዚቃ አይመስለውም ነበርና ዓመታት ሙሉ ስፒከሩን እስከ ጫፍ ከፍቶ ሲሠራ ኖሮ ጆሮው ተበላ። መጀመሪያ የሄደው ላይኛው ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ። እሱ አይሰማውምና ሚክሱ ላይ ይጨምረዋል፣ አሁንም ይጨምረዋል። ሥራዎቹ ሁሉ ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት መንጫጫት ጀመሩ። ምላሱን ፈርቶ የነገረው ሰው የለም። ዘፋኞቹ ዝም ብለው ወደ እኔ መጡ። በደስታ ተቀበልኳቸው።

ባለፈው ዓመት ራሱ መጣ። ፍላሽ ይዟል። ስፒከሬ ተበላሽቶብኝ ነው፣ ባንቺ ላይ ልስማው ብዬ ነው አለ፤ አዲስ አበባ ላለ አንድ አሳታሚ የሚልከው ሥራ ነው፣ ሰውዬው ከወደደው ሙሉ አልበም ያሠራዋል። ይህ ካልሆነ ስቱዲዮውን እንደሚዘጋ ሳይጠየቅ ነገረኝ። እናቴ በሩ አጠገብ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍል ነበር፤ አላወቃትም። ቀረጻ ክፍሌ ውስጥ አስገብቼ ሄድፎን ሰጠሁትና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ዘፈኑን ከፈትኩት። ጥርስ የሚያፋጭ ነበር። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል።

ዘፈኑን አቁሜ የመነጋገሪያ ማይኩን ቁልፍ ተጫንኩና ጠየቅኩት። ዛሬ አፌ አይሳሳትም፤ «ሰ»ንም «መ»ንም ቁልጭ አድርጌ አጠበቅኳቸው።

«ይሰማል?»

በመሀላችን ባለው መስታወት አይቶኝ ፈገግ አለ። «ዛሬም ላልቶብሻል» አለኝ። «ማነው የሚሰማው?»

ቀጭኗ «ሰ» ለእሱ የለችም። ጠበቀች፣ ላላች፣ አይለይም። ማይኩን ለቀቅኩና ወደ እናቴ ዞሬ፣ ልክ እሷ እንዳስተማረችኝ አላልቼ፣ በአማርኛ «ይሰማል?» አልኳት። ከበቆሎዋ ቀና ብላ በመስታወቱ ውስጥ ትንሽ አየችው።

«አይሰማም» አለችኝ፤ ላልቶ።

ሄድፎኑን አውልቆ ወጣ። ላይኛው ትንሽ ይጨመርበት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሲጠይቀኝ ድምፁ ለስለስ ብሎ ነበር፣ እንዲያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ወንበሬን አዙሬ ስክሪኑን በትከሻዬ ከለልኩት።

«ምንም አይጎድለውም፣ ጋሼ» አልኩት። «እንዲሁ ይላኩት።»

እግዜር ይስጥሽ ብሎኝ፣ እናቴንም እጅ ነስቶ ወጣ። በማግስቱ ላከው።