ወፏ የመራችን ግንድ

ወፏ ሦስተኛውን ዛፍ ስትቀይር ክው አልኩ። ትጮሃለች፣ ቆማ ትጠብቀናለች፣ ቀረብ ስንል ወደ ፊት ትበራለች። ገበሬው አባቴ እንዲህ የምታደርገዋን ወፍ በልጅነቴ አሳይቶኛል። ሰውን ወደ ንብ ትመራለች። ማሩን የቆረጠ ሰው ደግሞ ሰሙን ይተውላታል፤ ድርሻዋ ነው። እኛ ግን ማር ልንቆርጥ አልመጣን፣ ጭስ አልያዝን! በክረምቱ ዕረፍት ከአዳማ በሚኒባስ መጥተን፣ ሐይቁ ዳር ባለው የግራር ጫካ ወፍና ቢራቢሮ የምናይ እናቶችና ልጆች ነን።

ልጄን አምና አንዲት ንብ ነድፋት ጉሮሮዋ አብጦ ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው። ይህን ለአስጎብኚው ጠዋት ሳንሳፈር ነግሬዋለሁ። "ችግር የለም ማዘር" ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ጻፈው እኮ!

እስከዚያ ድረስ ደስ ብሎን ነበር። ጭቃው ላይ ቢጫ ቢራቢሮዎች ተሰብስበው ውኃ ሲጠጡ፣ ጢንዚዛ እበት ሲያንከባልል እያየች ልጄ ስትስቅ ነበር። አሁን እጇን ጨብጬ ወደ ኋላ ጎተትኳት።

"ማዘር፣ ወፍ ይፈራሉ እንዴ?" አለ አስጎብኚው። ሰው ሁሉ ሳቀ።

"ወፏንማ ምን እፈራለሁ! ወዴት እንደምትወስድህ ታውቃለህ?"

"ማር ልታሳየን ነዋ! መጽሐፉ ላይ አለ።"

"ማሩን ማን እንደሚጠብቀውስ መጽሐፉ አልነገረህም?"

ደግመው ሳቁ። እኔ አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ እሱ አንገቱ ላይ የሩቅ ማያ መነጽር አንጠልጥሏል፤ የወፏን ስም በፈረንጅኛ ያውቃል። ማንን ይስሙ? ቀዳዳ ያለው የግራር ግንድ ጋ ሲደርስ ደግሞ "ፎቶ አዘጋጁ!" ብሎ በዱላው ግንዱን ኳ ኳ አደረገው! የሰው በር መሰለው?

ንቡ ግር ብሎ ወጣ፤ ጫካው እምም አለ። ነጠላዬን በልጄ ራስ ላይ ጠቅልዬ ሮጥኩ። እሾህ ቀሚሴን ቀደደው፣ አንድ ጫማዬ እዚያው ቀረ፣ አንገቴን እየነደፉኝ ነው። ብቻ እሷን አይንኳት! ሚኒባሱ ውስጥ ወርውሬያት ገባሁና መስኮቱን ሁሉ ዘጋሁ። ሌሎቹም እየጮሁ ተከታትለው ገቡ።

መጨረሻ የመጣው እሱ ነው። "ማዘር፣ ይክፈቱልኝ!" እያለ በሩን ይደበድባል፤ ጃኬቱ ላይ ንብ ተንጠልጥሏል።

"ጃኬትህን ጣልና ከዚያ ራቅ ብለህ ተራገፍ! ይዘህብኝ እንዳትገባ!"

ጣለው። ተራገፈ። ከፈትኩለት። ከንፈሩ አብጧል፤ ቀና ብሎ አላየኝም። ጠዋት የነገርኩትን የጻፈበት ደብተር ብብቱ ሥር ነበር። ምነው አንድ ጊዜ እንኳ ገልጦ ቢያየው!

ነጠላውን ገልጬ የልጄን ጸጉር ፈተሽኩ፣ ከጆሮዋ ጀርባ አየሁ፣ አንገቷን ዳበስኩ።

"እማ፣ ምንም አልነካኝም" አለች።

ሹፌሩ ሞተር አስነሳ። አስፋልቱ ላይ እስክንወጣ አፏ ላይ ጆሮዬን ደቅኜ ትንፋሿን ሰማሁ። ደህና ትተነፍሳለች። ልጄ አልተነደፈችም። ተርፈናል።