በማኅበራችን መንገድ ላይ የቆመችው ላንድሮቨር

የአባቴን አሮጌ ላንድሮቨር በትራክተር ሲጎትቷት ያየሁበት ቀን ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። ኮምቦልቻ የሚገኘው የቤት ሠሪዎች ማኅበራችን መንገድ ጭቃ በነበረ ጊዜ ከቦርከና ወንዝ አሸዋና ጠጠር ያመላለሰችው እሷ ናት። ያን ጊዜ አባቴን "አላህ ይስጥልን" ያለው ሰው አልነበረም።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኛ የፋብሪካ ሠራተኞች ተደራጅተን ቤታችንን ሠራን። ቤቱ አለቀ፣ ኮሚቴው ግን አላለቀም። ስለ ዶሮ፣ ስለ ልብስ ማስጫ፣ ስለ አጥር ቀለም ደንብ ያወጣ ጀመር። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ያነባል፣ "የምትደግፉ?" ይላል፣ እኛ እጃችንን እናወጣለን። "የምትቃወሙ?" ሲል ከወረቀቱ ቀና እንኳ አይልም። እኔ ዝም አይነቅዝም ብዬ ከኋላ እቀመጥና ከፊቴ ያለው ሰው ሲያወጣ አወጣለሁ። "የአባል ያልሆነ ተሽከርካሪ በማኅበሩ መንገድ አይቆምም፤ ከቆመ ተጎትቶ ይያዛል" የሚለውም እንዲሁ ነው ያለፈው። ከአባላቱ እኮ መኪና ያለው አንድም ሰው አልነበረም! ሊቀመንበሩ ደጅ የምትቆመዋን የመንግሥት መኪና ደግሞ ደንቡ አያያትም።

የመጀመሪያ ልጄ በተወለደ በሰባተኛው ቀን አባቴ ለልጁ መወለድ ምስጋና ለአቂቃው የሚታረደውን በግ ጭኖ ከደሴ ወረደ። ቀኑ እሑድ ስለነበር ከስብሰባው በፊት ልናርድ ነው ያሰብነው። በጉ እንዳይዘል መስኮቶቹን ዘጋግቶ መኪናዋን ደጄ ላይ አቆመና፣ "አብሽር፣ ዙህርን ልስገድና እናወርደዋለን" ብሎኝ ገባ። ሰግዶ ሳይጨርስ ውጭ የሰንሰለት ድምፅ ተሰማኝ።

ስወጣ የማኅበሩ ጥበቃዎች ላንድሮቨሯን ከትራክተር ጋር አስረው እየጎተቱ ነው። የእጅ ፍሬኗ እንደተያዘ ስለነበር ጎማዋ አባቴ ራሱ ባመጣው ጠጠር ላይ ይንሻተታል። በጉ ውስጥ ሆኖ ይጮኻል። ወስደው ጽሕፈት ቤቱ ጓሮ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ አቆሟት። እኔ ሮጬ ስከተላቸው አባቴም ጫማውን እንኳ ሳያጠልቅ ደረሰ።

"ልጄ፣ መኪናዋን ያዟት። በጉን ብቻ ላውርደው፣ ሙቀቱ ይገለዋል" አለው እዚያ ቆሞ የጠበቀንን ሊቀመንበር።

"ንብረቱ ከነ ጭነቱ ተይዟል፣ አባት። ስብሰባው ይወስናል።"

"ወላሂ፣ እንስሳ እኮ ነው!"

"ደንብ ነው። ልጅዎም እጁን አውጥቶ ደግፎታል፣ ይጠይቁት።"

አባቴ ዞሮ አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ስብሰባው በመፈክር ተጀመረ። የኛ ጉዳይ ሦስተኛ አጀንዳ ነበር። ከሱ በፊት ስለ ቆሻሻ ጉድጓድ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ፤ እኔም ተነሥቼ "በጉ እየሞተ ነው" ማለት ሲገባኝ ወንበሬ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። ተራችን ሲደርስ አባቴን ከፊት አቆሙት። ስንቱን የደሴ ነጋዴ ያስታረቀ ሽማግሌ፣ ልጆቹ በሚሆኑ ሰዎች ፊት እንደ ሌባ ቆመ።

"ጥፋተኛ ናቸው፣ ግለ ሂስ ያድርጉ የምትሉ?" አለ ሊቀመንበሩ።

ከፊቴ ያለው ሰው እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ።

አባቴ ግለ ሂሱን አደረገ። የሰፊውን ሕዝብ ደንብ መጣሴን አምናለሁ በል ሲሉት፣ ያሉትን ሁሉ ቃል በቃል ደገመላቸው፣ በጉን ለማትረፍ ብሎ። ያኔ መኪናዋ ትለቀቅ ተባለ።

በሩን ሲከፍተው በጉ ወንበሩ ሥር ተዘርግቶ ሞቷል። ሳይታረድ የሞተ እንስሳ ለኛ ጥንብ ነው፤ አይበላም፣ ለአቂቃም አይሆንም። ልጄ አቂቃው በቀኑ ሳይወጣለት ቀረ። ሊቀመንበሩን በዚያች ሰዓት አንገቱን ባንቀው ደስ ባለኝ፤ ግን ያንንም አላደረግሁም።

አባቴ የበጉን ዓይኖች በመዳፉ ከደነ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "ይህ ደንብ ሲወጣ የሚነበበውን ሰምተህ ነው እጅህን ያወጣኸው?" አለኝ።

"አልሰማሁም፣ አባዬ።"

"ዛሬስ?"