ድንቢጦችና ሰባት ቤት

ልደታ፣ ኮንዶሚኒየማችን ጣሪያ ላይ፣ የማለዳው ጉም ባቡሩን ውጦ ድምፁን ብቻ ይተውልን ነበር። ላገባት የምመኛት ትዕግሥት ድንቢጦችን በስስ መረብ ትይዝና ከክንፋቸው ጠብታ ደም ወስዳ ትለቃቸዋለች፤ በሽታ የሚከላከሉበት ዘረመል ከወፍ ወፍ ምን ያህል እንደሚለያይ ታጠናለች። የእኔ ሳይንሳዊ ድርሻ የተያዘችው ወፍ ተራዋን የምትጠብቅበትን ከረጢት መያዝ ነው።

«አንዳንዷ ሴት ወፍ በዘረመል የማይመስላትን ወንድ ትመርጣለች ይባላል፤ ጫጩቶቿ ብዙ በሽታ እንዲቋቋሙላት» አለችኝ። መዳፌ ውስጥ ትንሽ ልብ ይመታል፤ የወፏ ይሁን የእኔ መለየት አቃተኝ።

ሽማግሌ ላክሁ። አግቢው አብሮ አይሄድም፤ እኔ ግን ሳይንሱን ላብራራ ብዬ ተከተልኳቸው። እናቷ እትዬ አስካለ እንደ ወጉ እስከ ሰባት ቤት ዘር ያስቆጥሩ ጀመር። ስድስተኛው ላይ የእኔና የትዕግሥት ዘር አንድ አያት ላይ ተገናኘ።

«ዘመዳሞች ናችሁ፤ አይሆንም!»

«እትዬ» አልኩ ኮስተር ብዬ፣ «ደማችን ይመርመር። ለድንቢጥ እንኳን…»

«ልጄ ድንቢጥ ናት?»

ጥግ ይዘው ሲያንቀላፉ የነበሩት አባቷ ዐይናቸውን ሳይገልጡ፣ «አስካለ፣ እኔና አንቺስ አራተኛው ላይ አልነበር የተገናኘነው?» አሉ።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ደክሟችኋል፤ አምስተኛው ላይ ይብቃን።»