ጉበቱ ይረፍ

ጎንደር አራዳ ካለው መድኃኒት ቤቴ ወታደሮች ሲወስዱኝ ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ «ፋሻ ለማን ሸጥህ?» ፋሻ የምሸጠው ለቆሰለ ሰው ነው አልኳቸው። ይህ መልስ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አሮጌ የእህል መጋዘን አደረሰኝ። መስኮት የለውም። ጣሪያው ላይ አንዲት ደብዛዛ አምፖል ቀንም ሌሊትም ትበራለች። ጥግ ላይ የሽንት ባልዲ አለ፤ ሽታው ከሰው በፊት ይቀበላል።

በሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። የኮላ ድባ ገበሬ ናቸው፤ ሁላችንም አያ እንላቸው ነበር። ከመታሰራቸው በፊት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀምረዋል። በየጠዋቱ የእስር ቤቱ ሐኪም ከጠባቂ ጋር ይመጣና እንክብሎቹን መዳፋቸው ላይ አስቀምጦ «ዋጥ! አፍህን ክፈት!» ይላቸዋል። አባቱ የሚሆኑ ሰው ናቸው።

አያ ቀስ በቀስ መብላት ተዉ። የቀመሷትን ያስመልሳቸዋል፤ ቀኝ ጎናቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ይውላሉ። አንድ ጠዋት ለመጸዳጃ ወደ ግቢ ስንወጣ ፀሐይ ፊታቸው ላይ አረፈና የዓይናቸውን ነጭ አየሁት። እርድ ውስጥ የተነከረ ይመስል ነበር።

«መድኃኒቱ ጉበታቸውን እየጎዳው ነው» አልኩት ሐኪሙን። «ዛሬውኑ ይቁምና ሆስፒታል ይሂዱ።»

«መድኃኒቱ ሽንት ያቀላል። ፋርማሲስት ነኝ እያልክ ይህን አታውቅም?»

«ሽንት ያቀላል፤ ዓይንን ግን ቢጫ አያደርግም። ወደ ፀሐይ አውጥተህ እያቸው።»

አላያቸውም። ጎኔን አመመኝ ስላሉት ፓራሲታሞል ጨመረላቸው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ያም በዚያው በታመመ ጉበት የሚያልፍ ነው። ጠባቂው ደግሞ «መድኃኒት አልውጥም ማለት አድማ ነው» አለ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ።

ከእኛው ጋር የታሰሩ አንድ የዜማ መምህር ነበሩ፤ የኔታ እንላቸዋለን። እሳቸውም የአያን ዓይን አይተውታል። «የወፍ በሽታ ነው» አሉ፤ አገሩ ሁሉ ቢጫ ዓይንን የሚጠራበት ስም ነው። ምሳ ለምታመጣው ለአያ ሚስት መልእክት ልከው ሥርና ቅጠል የተቀመመበት ጠርሙስ አስገቡ። ፈታሾቹ ምላጭ እንጂ ቅጠል አይፈልጉም። የኔታ ክዳኑን ሲከፍቱ ጮህኩ።

«የኔታ፣ እሱን ካጠጧቸው ይሞታሉ!»

የኔታ ላይ የሚጮህ ሰው አልነበረም።

«ምነው ልጄ? አባቶቻችን የዳኑበት እኮ ነው።»

«የምንውጠውን ሁሉ የሚፈጨው ጉበት ነው፤ ወፍጮው ደግሞ ተሰብሯል። እህሉ ሸጋ ቢሆን ምን ይረባል? እኛ ዝም ብለን እየጨመርንበት ነው።»

«እንክብሉስ?»

«እሱም ይቁም። ጉበቱ ይረፍ።»

የኔታ ተነሡና ጠርሙሱን ባልዲው ውስጥ ገለበጡት።

«እኔ የኔን ደፋሁ» አሉ። «እነሱም የነሱን ይድፉ።»

በማግስቱ እንክብሎቹ የአያ መዳፍ ላይ ሲቀመጡ የኔታ ቀረቡና ቀስ ብለው አንስተው ባልዲው ውስጥ ጣሉ። ጠባቂው ግራ ጆሯቸውን በጥፊ መታቸው። ጥምጣማቸው ወደቀ። ጎንበስ ብለው አነሡ፣ አራገፉ፣ ሳይቸኩሉ መልሰው ጠመጠሙ።

«አድማ ከሆነ የኔ ነው» አሉት። «እሳቸውን ግን ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ እዩ።»

«አይዋጡ ያልኩት እኔ ነኝ» ብዬ ተነሣሁ። ከኋላዬ ሌሎቹም ሲነሡ ሰማሁ። ጫጫታው የእስር ቤቱን አዛዥ ጠራው። አያን ደግፈን በሩ ድረስ አመጣናቸው። አዛዡ ብርሃን ላይ ዓይናቸውን አየና ወደ ሐኪሙ ዞረ።

«እኔ እጅ ላይ እንዳይሞት! ማኪና ጥሩ!»

ያዘነው ለራሱ ነበር። አያ ግን ሆስፒታል ገቡ። መድኃኒቱ ቆመ፤ ጉበታቸው ሲያገግም ደማቸው እየተመረመረ አንድ በአንድ ተመልሶ ተጀመረላቸው። ድነው ዛሬም ኮላ ድባ ያርሳሉ።

የየኔታ ጆሮ አልዳነም። ታምቡሩ ተቀዶ ኖሮ መግል ያዘ፤ ለእሳቸው ማኪና ጥሩ ያለ ሰው አልነበረም። የዜማ መምህር ናቸው እኮ! ያ ጠባቂ ምን እንደሰበረ እንኳ አያውቅም።

አሁን ተፈተው ወደ ደብራቸው ተመልሰዋል። ተማሪዎቻቸው የሚቀመጡት በቀኛቸው በኩል ብቻ ነው፤ በግራ ያለ ቢሳሳት አይሰሙትም። ሄጄ በጠየቅኋቸው ቁጥር እጄን ይዘው «ልጄ፣ ይቅር በላቸው» ይሉኛል። እኔ በግራቸው እቀመጣለሁ። «አልልም፣ የኔታ» እላቸዋለሁ።