ለልጃችን ያጋደምነው ወይን

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ አገሩ ሳይመለስ ጎንደር የቀረ ጣሊያን ምግብ ቤት ከፍቶ ነበር፤ ባሌ እዚያ አሳላፊ ነበር። ቤታችን ቁስቋም፣ ሥራው ፒያሳ። ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር ከርካሾቹ አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ በጋቢው ሸፍኖ ይመጣል። «ውድ ወይን የሚጠጣ ምላሱን ያላመነ ነው» ይለኛል። ለድህነታችን ሽፋን መሆኑን ባውቅም አባባሉን እወድለት ነበር።

እኔ የማውቀው ለቅዳሴ የሚጨመቀውን የዘቢብ ወይን ብቻ ነው። ቀይ የሚያደርገው የፍሬው ልጣጭ እንደሆነ፣ ከጥቁር ፍሬም ነጭ ወይን እንደሚወጣ ሲነግረኝ «አታሞኘኝ» አልኩት። ስለ መክደኛውም አስተማረኝ።

«ቆርኪ ያለው ለዛሬ፣ ቡሽ ያለው ለነገ ነው። ባለ ቡሹን ግን አጋድሚው። ቡሹ ካልራሰ ይደርቃል፤ አየር ይገባና ይኮመጥጣል።»

በተጋባን ዓመት አንድ ባለ ቡሽ ጠርሙስ አልጋ ሥር አጋደመ። የመጀመሪያ ልጃችን ክርስትና ሲነሳ ሊከፈት ነው።

ልጅ ግን አልመጣም። ሁለት ጊዜ ጨነገፈብኝ። ከሁለተኛው በኋላ ቤት ስጠርግ ጠርሙሱን አየሁትና ሆዴ ባባ። አቧራውን ጠርጌ መስኮቱ ላይ፣ ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ካመጣሁት ጠበል ጎን አቆምኩት። ጠበል ይቆማል እንጂ ይጋደማል? በረከቱ ለወይኑም ለማህፀኔም ይተርፋል ብዬ ነው። ጠዋት ጠዋት በሁለቱ ፊት ቆሜ እለምን ነበር። የቡሹ ነገር ጨርሶ ከልቤ ጠፋ።

ስድስት ዓመት እንደዚያው ቆመ። ከዚያ ባሌን ሳል ያዘው፤ ከሰውነት ተራ ወጣ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣

«ያን ጠርሙስ አምጪው፤ እኛው እንጠጣው» አለኝ።

ልጅ እንደማይኖረን ገና ያን ቀን የተነገረኝ ይመስል አለቀስኩ።

ቡሹ መንቀያው ሲነካው ፍርፍር አለ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ያኔ ነው።

«እኔ ነኝ ያቆምኩት፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አልኩ።

«አውቃለሁ። ካቆምሽው ቀን ጀምሮ አየው ነበር።»

«ታዲያ ምነው አላጋደምከው?»

«አንቺ እየለመንሽበት?»

ቀድቶ እስከ አተላው ጨለጠው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ሸጋ ነው» አለኝ። ለእኔም ቀዳልኝ። ጉሮሮዬን እየፋቀ ወረደ።

ወሩ ሳይሞላ ቀበርኩት። ጎረቤት ሁሉ ያለቀስኩት ልጅ ሳያስቀርልኝ ስለሄደ ይመስለው ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ መስኮት ፊት ቆሜ ልጅ ስለምን፣ ለእሱ ዕድሜ አንድ ቀን እንኳ አልለመንኩም።