ስለ ድምፄ የፈራሁበት ክረምት

እንቅርቱን መጀመሪያ ያየው ካሜራው ነው። እስከዚያ ድረስ ደብረ ታቦር ውስጥ በአንዲት ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ዜና አነብ ነበር፤ ሬዲዮ ደግሞ አንገት አያሳይም። ጣቢያው ሳምንታዊ የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲጀምር አቅራቢ እንድሆን ተመረጥኩ። በመጀመሪያው ቀን ካሜራማኑ ዓይኑን ከካሜራው ላይ አነሳና፣ «አንገትሽ ላይ ምንድን ነው? እስኪ ሻርፕ ጣል አድርጊበት» አለኝ። ጣል አደረግኩበት። ከዚያን ቀን ወዲህ ያለ ሻርፕ ካሜራ ፊት ተቀምጬ አላውቅም።

እብጠቱ መኖሩን አውቅ ነበር። እናቴም አለባት፤ ከገሳይ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ብዙ ሴቶች አለባቸው። ልጅ ሳለሁ እንደ ሽበት ሁሉ ሴት ስታረጅ የሚመጣ ነገር ይመስለኝ ነበር። የእኔ ግን ቶሎ መጣ። ተመልካቾች ሻርፖቼን እየወደዷቸው ሄዱ። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ፣ «የባለፈውን ሳምንት ሻርፕ ከየት ገዛሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቅ ብዬ መለስኩላት፤ እስክወርድ ድረስ ግን እጄን ከአንገቴ ላይ አላነሳሁም።

ቆይቶ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። በጀርባዬ ስተኛ የሆነ ሰው በአውራ ጣቱ ጉሮሮዬን የሚጫነኝ ይመስለኛል። አንድ ጠዋት በቀጥታ ስርጭት ረጅም ዜና እያነበብኩ መሃሉ ላይ አየር አለቀብኝ። የድምፅ ባለሙያው ፈጥኖ ሙዚቃ አስገባ። አድማጩ ልብ ያለው አይመስለኝም። እኔ ግን በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ።

ሐኪሙ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ውሃ እያስዋጡኝ አንገቴን ዳሰሱ፤ ራጁንም ወደ መስኮቱ አቅርበው አዩት።

«መውጣት አለበት» አሉኝ። «የአየር ቧንቧሽን ወደ ጎን እየገፋው ነው።»

«ከወጣ በኋላስ?»

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

ነገርኳቸው። እስክሪብቷቸውን አነሱ። ከዚያ ወረቀት ላይ ሥለው አሳዩኝ። ድምፅን የሚያዙት ነርቮች እንደ ክር ቀጥነው በእንቅርቱ ሥር ያልፋሉ።

«በጣም እንጠነቀቃለን። አብዛኛው ሰው ደህና ይሆናል። ግን አይነካም ብዬ ልምልልሽ አልችልም።»

ዝናብ እየመታኝ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ከድምፄ ሌላ ምን አለኝ? ከገጠር ወጥቼ ከተማ የገባሁት በእሱ ነው። እናቴ ገበያ ስትወርድ «የሬዲዮዋ ልጅ እናት» እየተባለች የምትከበረው በእሱ ነው። እግሬ ጭቃውን እየረገጠ ዝም ብዬ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፤ ድምፅ የሌለው ሰው እንዴት እንደሚኖር እየሞከርኩ መሆኔ ቤት ከደረስኩ በኋላ ገባኝ።

ቀጠሮውን በሰበብ በአስባቡ አራዘምኩት። የሰኔው ጾም ይለፍ አልኩ። ጾሙ ሲያልፍ፣ ክረምቱ ይውጣ አልኩ። እናቴ ጣራ ገዳም ድረስ ወሰደችኝና አንድ ሽማግሌ መነኩሴ አገኘን።

«አባ፣ ድምፄን እንዳላጣ ይጸልዩልኝ» አልኳቸው።

«ለድምፅሽ ነው ወይስ ለሕይወትሽ የምትፈሪው?»

«ለድምፄ።»

«እንግዲያው ለሁለቱም እጸልያለሁ። አንቺ ግን ሐኪም ቤት ሂጂ» አሉኝ።

ያም ሆኖ አልሄድኩም። ጎትታ የወሰደችኝ ከዓረብ አገር የተመለሰችው ታናሽ እህቴ ናት፤ አብራኝ ነበር የምትኖረው። አንድ ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ እንዳለሁ ሸለብ አድርጎኝ ኖሮ፣ ትንፋሼ ሲያፏጭ ሰምታ ቀሰቀሰችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሰው ቤት ስሠራ አንዲት ጓደኛዬ እንዲህ እያፏጨባት ነው የሞተችው። ነገ እንሄዳለን» አለች።

«ድምፄ ቢጠፋስ?»

«ጠፍቶ ኑሪያ! እኔ እናገርልሻለሁ።»

ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ስገባ አልጋውን የምትገፋው ነርስ ስናገር ሰምታ፣ «ውይ፣ የጠዋቷ ዜና አንባቢ!» ብላ ተደሰተች። ደስታዋ ፍርሃቴን አባሰው። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ፣ «አይዞሽ፣ የሆነ ነገር አውሪኝ» አለኝ። «እንደምን አደራችሁ፣ አድማጮቻችን» አልኩ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም።

ስነቃ እናቴ ፊቴ ላይ ጎንበስ ብላለች። «ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ?» አለችኝ። አዎ ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣው የገለባ ኮሽታ ነው። እንደገና ሞከርኩ። ያው ነው። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሐኪሙ መጥተው፣ «ነርቩ አልተቆረጠም፤ ተቆጥቶ ነው። ጊዜ ስጪው» አሉኝ። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ በእጄ ምልክት ጠየቅኳቸው። «እኔም አላውቅም» አሉ።

ያን ክረምት ጠዋት ጠዋት ነቅቼ አፌን መክፈት እፈራ ነበር። ካልሞከርኩ ምናልባት ተመልሶ ይሆናል፤ ከሞከርኩ አለመመለሱን አውቃለሁ። ጎረቤት ሬዲዮ ሲከፈት በእኔ ሰዓት ሌላ ሰው ያነባል። እህቴ ቃሏን ጠብቃ በየሄድንበት ትናገርልኛለች፤ ገበያ ላይ እኔ የማልለውን ሁሉ እያለች ከነጋዴ ጋር ትጨቃጨቃለች። አንድ ጊዜ ሳቄ መጣና ድምፅ አልባ ሆኖ ወጣ፤ ሁለታችንም ደነገጥን።

ድምፄ የተመለሰው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ሻካራ፣ ቀጥሎ ወፍራም ሆነ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ጣቢያው ጠርቶ ዜና አስነበበኝ። ኃላፊያችን ከመስታወቱ ማዶ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። ሲወጡ እውነቱን ነገሩኝ፤ ድምፄ ለዜናም ለቴሌቪዥኑም ዝግጅት አይሆንም። በምትኩ የገበሬዎችን ዝግጅት ሰጡኝ። ትንፋሼ እንዲበቃኝ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ለራሴ እየጻፍኩ አነባለሁ።

በመጀመሪያው ሰሞን አንድ አዛውንት ወደ ዝግጅቱ ደውለው፣ «ዜና የምታነበው የዱሮዋ ልጅ የት ሄደች?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«ተይ እንጂ! ምን አገኘሽ ታዲያ?» አሉኝ። ታምሜ እንደነበር ነገርኳቸው። እግዚአብሔር ይማርሽ ብለው፣ ስንዴያቸውን ስለመታው ዋግ ጠየቁኝ። እኔም ዝግጅቱን የሚያግዘን የግብርና ባለሙያ ስለ ዋግ አስቀድሞ የጻፈልኝን መልስ፣ ትንፋሽ በወሰድኩ ቁጥር እየፈራሁ፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው።